ሠላሳ አንድ ዓመት የጠረገው መንገድ

ሂራም ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ሚስቱ ቤላ የፒክአፑን ቁልፍ ደበቀችበት።

ክፋት ይዟት አይደለም። ሂራም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ወደ በረዷማው ሰሜን በሚዘልቀው የዴምፕስተር መንገድ ላይ ግሬደር ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ከደቡቡ መገንጠያ ተነስቶ፣ ተራራውንና ዛፍ የማይበቅልበትን ሜዳ አቋርጦ እኛ ከተማ ፎርት ማክፈርሰን ድረስ በሚመጣው በዚያ የጠጠር መንገድ ላይ እሱ ያልሠራበት የጥገና ካምፕ የለም። በክረምት በረዶ ገፍቷል፣ በበጋ ጠጠር ደልድሏል፣ አቧራው እንዳይነሳ ጨው የተበጠበጠበት ውኃ ረጭቷል። የስንብቱ ኬክ ተቆርጦ ከተጨበጨበለት በኋላ ግን ቤት መቀመጥ አልሆንልህ አለው። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳና ፒክአፑን አስነስቶ መንገዱን ሊያይ ይወጣል። የተደፈነ ቦይ ሲያገኝ ወርዶ በአካፋ ይጠርጋል። ግሬደሩን የተረከበችውን ሼሊን በመገናኛ ሬዲዮ እየጠራ ምላጩን ትንሽ አዘንብዪው፣ አሁን ደግሞ ቀና አድርጊው ይላታል። ሼሊ ራሱ ያሠለጠናት ሴት ስለሆነች ስታከብረው ቆየች። በኋላ ግን የካምፑ አለቃ ቤላን ሱቅ ውስጥ አገኛትና እባክሽ ባልሽን ያዢልን ብሎ ለመናት።

ቤላ ያን ቀን ማታ ራት ላይ ነገሩን ሳታድበሰብስ ነገረችው።

«ጤነኛ ነህ፣ ጉልበትም አለህ። መንገዱን ግን ተወው። ከሰው እጅ ላይ ሥራ አትንጠቅ።»

«መንገዱን ከተውኩ ምን ሳይ ልዋል?»

«ሌላ ነገር እይ። አገሩ ሰፊ ነው።»

ሂራም ኩም አለ። ምግቡን ጨርሶ ከቤቱ ኋላ ወዳለው መጋዘን ገባና እዚያ ብቻውን ቆመ። ከጣሪያው ላይ አንድ ብስክሌት ተንጠልጥሏል። ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ አንዲት የሩቅ አገር ተጓዥ ከተራራው ላይ ወድቃ የእጇ አንጓ ሲሰበር፣ ግሬደሩ ላይ ጭኖ ካምፕ ያደረሳት እሱ ነበር። በአውሮፕላን አገሯ ስትመለስ ብስክሌቱ ላንተ ይሁን ብላው ሄደች። ሂራም በየበጋው እንደሷ ያሉ ሰዎች ዕቃቸውን ጎማ ላይ ከምረው፣ ቢምቢ በልቷቸው፣ እያለከለኩ ሲያልፉ ከግሬደሩ መስኮት ቁልቁል እያየ ይስቅባቸው ነበር። ምን አሳደዳቸው ይላል ለራሱ። ያን ማታ ግን ብስክሌቱን አውርዶ አቧራውን ጠረገ። ያን ሁሉ ዓመት መንገዱን ሳይጠግነው፣ ዝም ብሎ እንደ መንገድ አይቶት እንደማያውቅ ታየው።

ሐሳቡን ሲነግራት ቤላ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ቀና ብላ ፊቱን ስታይ ሳቋን ዋጠች።

ሁለት ሳምንት በከተማው ውስጥ ተለማመደ። ዕድሜው ስልሳ ሁለት ነበር። ውሾች ሁሉ ሲያሳድዱት ሰነበቱ። ከሱቁ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚውሉት ባልቴቶች ደግሞ ባለፈ ቁጥር አስተያየት ይሰጣሉ፤ አንዷ ኮርቻው ዝቅ ብሎበታል ስትል ሌላዋ የለም፣ ዝቅ ያለው ሂራም ራሱ ነው አለች።

ቤላ በዚያ ሰሞን ዳውሰን ከተማ ያለች እህቷን ልትጠይቅ አስባ ስለነበር ብስክሌቱን ፒክአፑ ላይ ጭነው አብረው ወደ ደቡብ ወረዱ። አንድ ቀን ሙሉ ነድተው መገንጠያው ላይ ደረሱ። ከዚያ እስከ ቤታቸው አምስት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ነው። ሂራም ድንኳኑን፣ የካሪቡ አጋዘን ቋንጣውን፣ የደረቀውን ዓሣና ሁለት ትርፍ ካላማደሪያ ብስክሌቱ ላይ አሰረ። ቤላ የድብ ማባረሪያውን ፊሽካ አንገቱ ላይ አጠለቀችለት።

«አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ» አላት። «ከሁለት ቀን በኋላ ስትመለሺ መንገድ ላይ ታገኚኛለሽ። እንዳትቆሚ።»

«ወድቀህ ባገኝህስ?»

«ከወደቅኩ ቁሚ። በእግሬ ከቆምኩ ግን ዝም ብለሽ እለፊ።»

«እሺ» አለች ቤላ። እንዲህ በቀላሉ እሺ ማለቷ ትንሽ ቅር አሰኘው።

የመጀመሪያው ቀን ትዕቢቱን አበረደለት። ከግሬደሩ ወንበር ላይ ሆኖ ሜዳ ነው ብሎ ሲምልበት የኖረው ቦታ ዳገት ሆኖ ተገኘ። ዳገት ያለውማ ስሙም አይነሳ፤ ብስክሌቱን እየገፋ በእግሩ ወጣው። የመኪና ጎማ ብዛት እንደ ቆርቆሮ ሸንተረር ያወጣው መንገድ ደግሞ ጥርሱን አንገጫገጨው። እንዲህ ያለው ሸንተረር የሚመጣው ግሬደሩ በጥድፊያ ሲያልፍ፣ ምላጩም ላይ ላዩን ብቻ ሲልስ መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ቤቱ ሲቸኩል እሱም እንዲሁ ሠርቷል።

ያም ሆኖ እጁ አላረፈም። ትልቅ ድንጋይ መንገዱ ላይ ባየ ቁጥር ወርዶ ይገፋል። የውኃ ማስተላለፊያ ቱቦ አፉ በጭራሮ ተደፍኖ ሲያገኝ ተንበርክኮ በእጁ ይጠርጋል። ማታ ድንኳኑን ሲተክል አርባ ኪሎ ሜትር ሄዶ ነበር፤ ከቀኑ ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ የፈጀው ግን መንገድ በማጽዳት ነው።

ሌላው ያላሰበው ጣጣ ሰው ነበር። ብቻዬን እጓዛለሁ ብሎ ወጥቶ ብቻውን የሚተወው ጠፋ። በዚያ መንገድ ላይ ሂራምን የማያውቅ ሾፌር የለም። ያየው ሁሉ ይቆማል፣ መስኮት ያወርዳል፣ መኪናህ ምን ሆነ ይላል፣ ና ግባ ይላል። ለመጀመሪያው ሰው ነገሩን በዝርዝር አስረዳ። ለሁለተኛውና ለሦስተኛውም አስረዳ። አሥረኛው ላይ ሲደርስ እጁን ብቻ ያውለበልብ ጀመር። የቤላ የአክስት ልጅ ግን መኪናዋን መሀል መንገድ ላይ አቁማ ካልገባህ አልንቀሳቀስም ብላ ሃያ ደቂቃ አገተችው። ከዚያ ወዲያ የሞተር ድምፅ በሰማ ቁጥር ብስክሌቱን ይዞ ቁጥቋጦ ውስጥ መደበቅ ጀመረ። በስልሳ ሁለት ዓመቱ ከዘመድ እየሸሸ ቁጥቋጦ ውስጥ ማጎንበሱ ራሱንም አስቆት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ዝናብ መጣ።

ያን መንገድ በደረቁ የሚያውቅ በዝናብ ያውቀዋል ማለት አይደለም። አቧራ እንዲይዝ የተረጨው ጨው ውኃ ሲነካው ጠጠሩን አላቁጦ ሊጥ ያደርገዋል። ሊጡ በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል ገብቶ ተጠቀጠቀ፤ ጎማው አልዞር አለ። ሂራም በእንጨት ይፍቀዋል፣ አሥር እርምጃ ይገፋል፣ እንደገና ይቆምና ይፍቃል። ባለፉት ዓመታት ስንቱ ብስክሌተኛ በዚህ ጭቃ ተለውሶ ግሬደሩ አጠገብ ቆሞ በምልክት ሲያማርርለት፣ እሱ ለአቧራው ግን ግሩም ነው እያለ ይመልስ ነበር። አሁን ስማቸውን የማያውቃቸውን እነዚያን ሰዎች ሁሉ አንድ በአንድ በልቡ ይቅርታ ጠየቀ።

በዚህ መሀል ከኋላው የመኪና ድምፅ ሰማ። ሊደበቅ ቢያስብም ብስክሌቱ አልነቃነቅ አለው። ዞሮ ሲያይ የራሳቸው ሰማያዊ ፒክአፕ ናት።

ቤላ ጭቃ እንዳትረጭበት ቀስ አለች። አየችው፤ አያት። የመኪናው ውስጥ ሙቀት መስኮቱን ጉም አልብሶታል። ሂራም ሳያውቀው አንድ እጁን ከኮርቻው ሥር አስገብቶ ብስክሌቱን አንስቶ ሊጭን ተዘጋጅቶ ነበር። ቤላ ከመሪው ላይ አንድ ጣት ብቻ አነሳችለት፤ በኛ መንገድ ላይ ሾፌር ለሾፌር እንደሚያነሳው ዓይነት። ከዚያ አለፈች። ቀዩ የኋላ መብራት ዝናቡ ውስጥ እየደበዘዘ ሄዶ ከመታጠፊያው ኋላ ጠፋ። በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳር ውስጥ ቤላ ብዙ ጊዜ አስቆጥታዋለች፤ ቃሏን ጠብቃ ያስቆጣችው ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

ከኋላዋ የነዳጅ ቦቴ የሚነዳው ሌስተር እየመጣ ነበር፤ የሆነውን ሁሉ አይቷል። ቦቴውን አቁሞ መስኮቱን አወረደ።

«አጎቴ ሂራም፣ ያቺ ቤላ አይደለችም እንዴ?»

«ናት።»

«አላየችህም ማለት ነው?»

«አይታኛለች።»

ሌስተር በሩን ከፈተለት። ሂራም ግን ሚስቱ ትታው ያለፈችው ሰው በሌላ ሰው መኪና ቢገባ ምን ሊባል ነው ብሎ ይሁን ወይ እልህ ይዞት፣ አልገባም፣ ተስማምተን ነው አለው። ሌስተር ራሱን ነቀነቀ። ከቤላ ጋር ስንት ዓመት አብረው እንደኖሩ ጠየቀው። ሂራም ነገረው። «አይ ጊዜ» አለ ሌስተር፤ በሩን ዘግቶም ሄደ። ሂራም ይህ አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብሎ አላሰበም፤ ጭቃውን መፋቁን ቀጠለ።

ዝናቡ ሳያባራ አሮጌው የጠጠር ማውጫ ጉድጓድ ጋ ደረሰና ድንኳኑን ተከለ። እርጥብ ካልሲውን አውልቆ ቋንጣውን እያኘከ ቤላን በልቡ ብዙ ተናገራት። ሁለተኛውን ቁራጭ ቋንጣ ሲጨርስ ያቺ አንዲት ጣት ትዝ አለችውና ሳቅ ቀደመው። ብቻውን ድንኳን ውስጥ ተጋድሞ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ መንገዱ ደረቀ። ሂራም ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ልብ አለ፤ ጆሮው መስማት ጀምሯል። ያን ሁሉ ዓመት በዚህ ምድር ያለፈው ሞተር እያጓራበት ነበር። ለሱ ይህ ቦታ ሁለት መቶ አሥረኛው ኪሎ ሜትር ነው፤ ያኛው ሁለት መቶ ሠላሳኛው ነው፤ ሌላ ስም አልነበራቸውም። አሁን ሁለት መቶ አሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከድንጋይ ሥር የሚሄድ ውኃ እንዳለ ሰማ። ከዚያ ወዲያ ያለው ዳገት ላይ ወፎች እርስ በርሳቸው ይጨቃጨቃሉ። አባቱ መንገዱ ሳይሠራ በፊት ይህን አገር ውሾች በሚስቡት የበረዶ ጋሪ ያቋርጠው ነበርና ለእያንዳንዱ ጉብታና ወንዝ በአገሬው ቋንቋችን ስም ነበረው፤ በልጅነቱም ምድጃ ዳር እየደጋገመ አስተምሮታል። ሂራም ፔዳሉን እየረገጠ ስሞቹን አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ይጠራ ጀመር። የጠፉበትም ነበሩ። ያስታወሳቸው ግን ይበዛሉ።

በስድስተኛው ቀን ከተራራው ጫፍ ላይ፣ መንገዱ ዳር ድብ አገኘ።

ትልቅ ቡናማ ድብ ነው። ስልሳ እርምጃ ያህል ርቆ ከቁጥቋጦው የዱር ፍሬ እየለቀመ ይበላል። ሂራም ከብስክሌቱ ወርዶ ቆመ። ከግሬደሩ ላይ ሆኖ መቶ ድብ አይቷል፤ መሬት ላይ ቆሞ ግን ድቡ ሌላ ቁመት አለው። እጁ ወደ ፊሽካው ሄደ። ከዚያ ግን አባቱ ያደርግ እንደነበረው ለማድረግ ወሰነ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በቋንቋችን፣ እንደ ትልቅ ሰው አክብሮ አናገረው። ማን እንደሆነና የማን ልጅ እንደሆነ ነገረው። በዚህ በኩል በቢጫ ማሽን እየጮኸ ሲረብሽ የኖረው እሱ መሆኑን አልደበቀም። ዛሬ ግን በዝግታ እያለፈ መሆኑን፣ ወደ ሚስቱ እየሄደ መሆኑንና ቢፈቀድለት ደስ እንደሚለው ነገረው።

ድቡ ቀና ብሎ አየው፤ አሸተተ። ከዚያ ተመልሶ ፍሬውን መልቀም ጀመረ። የሚቸኩልበት ጉዳይ አልነበረውም። ሂራም ግማሽ ሰዓት ቆሞ ጠበቀ፤ እግሩ ሲዝል ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ሲርበው ከደረቀው ዓሣ ቆረሰ። ሁለቱ በአንድ ዳገት ላይ ምሳቸውን በሉ ማለት ነው። በመጨረሻ ድቡ በቃኝ ብሎ ቁልቁል ወረደና ከዓይን ተሰወረ።

ሂራም ሲነሳ ከተቀመጠበት ድንጋይ አጠገብ ጎማ የሚውጥ ጉድጓድ እንዳለ አየ። ያን ያህል ጊዜ አጠገቡ ተቀምጦ አላየውም ነበር። ለመሙላት ጠጠር ሊፈልግ ጎንበስ አለ፤ መልሶ ቀና አለ። ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ጉድጓዱን ዞሮት አለፈ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደኋላ መዞር አማረው፤ አልዞረም።

በመንገዱ አጋማሽ ላይ ያለው ማረፊያ ሲደርስ አቀባበሉ ግራ አጋባው። ምግብ አብሳይዋ የሾርባውን ሳህን እስከ አፉ ሞልታ ሰጠችውና ሳይጠይቅ ደገመችለት። ጥሩ መስኮት ያለውን ክፍል ለቀቁለት። ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ያናግረዋል። መካኒኩ መጥቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገና ይህ ነገር በሁላችንም ላይ ይደርሳል፣ ወንድሜም እንዲሁ ሆኖ ነበር፣ አሁን ደህና ነው አለው። ሂራም ለጉልበቱ ያዘኑለት መስሎት ማታ እያሸሁት ነው ብሎ አመሰገነ።

ምስጢሩ የተገለጠው በማግስቱ ነው። ቁልቁለት ጨርሶ ሜዳውን ሲይዝ አንድ አሮጌ መኪና ከፊቱ መጥቶ ቆመ፤ ከውስጡም አባባ ኖርማን ወረዱ። አባባ ኖርማን የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጽሐፍ ያነባሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ግራ ጆሯቸው አይሰማም። ከማክፈርሰን ተነስተው ከከተማው ወዲህ ያለውን ወንዝ ተሻግረው ያን ሁሉ መንገድ የነዱት ለሱ ብለው ነበር። በፔርሙስ ሻይ ይዘዋል።

«ና እስቲ ልጄ፣ ተቀመጥ። ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም አልሆንኩ አባባ። በብስክሌት እየተጓዝኩ ነው።»

«ሁሉም መጀመሪያ እንደዚያ ነው የሚሉት።»

ከዚያ ሻዩን እየቀዱ አጫወቱት። ሌስተር ማረፊያው ደርሶ ቤላ ባሏን ዝናብ ውስጥ እያየች ጥላው አለፈች ብሎ ተናገረ። ወሬው ወንዙ ዳር መኪና አሻጋሪው ጀልባ ላይ ሲደርስ ቤላ ሂራምን ከመኪና አውርዳ ጣለችው ተባለ። ከተማ ሲገባ ደግሞ ከነልብሱ ከቤት አባራው፣ ከሀብቱ ሁሉ አንድ ብስክሌት ብቻ ይዞ ወጣ ሆነ። የከተማው ሬዲዮ ስማቸውን ሳይጠራ፣ ግን ማንም በሚያውቀው መንገድ፣ በችግር ላይ ላሉ ባልና ሚስት ብርታት ተመኘ። ሴቶቹ ለቤላ ምግብ ያመላልሱላት ጀመር።

«ቤላስ ምን አለች?» አለ ሂራም።

«ምንም አላለች። ምግቡን ተቀበለች።»

ሂራም ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አልቻለም። ሻዩን ወደ ጎን አስቀምጦ የመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ተቀመጠ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። አባባ ኖርማን ያለቀሰ መሰላቸው። ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው ረጅም ጸሎት ጸለዩለት። ከዚያ በኋላ እውነቱን ማስረዳት የማይሆን ነገር ሆነ፤ ሁለት ጊዜ ቢሞክርም ሽማግሌው የማይሰማውን ጆሯቸውን ሰጡት። በመጨረሻ ወንዙን ስትሻገር የቤላን እጅ ትጨብጣለህ ብለው ቃል አስገቡት። ሂራም ይህንስ በደስታ አደርገዋለሁ አላቸው።

በዘጠነኛው ቀን፣ ከባዱን ዳገት ወጥቶ ወደኛ ግዛት ሲገባ፣ ሼሊን በግሬደር መንገድ ስትደለድል አገኛት። ሞተሩን አጥፍታ ወረደች። ጠጠሩን ገፍታ ያቆመችው መስመር ትንሽ ወደ ቀኝ መዛነፉን ሂራም ገና ከሩቅ አይቷል። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። እሷም እጇን አጣጥፋ እየጠበቀችው ነበር።

«ምንም አትልም እንዴ፣ አጎቴ?»

«ጥሩ መንገድ ነው» አላት።

«ታመሃል?»

አልታመምኩም አላት። ሼሊ መጀመሪያ ተጠራጠረች፤ ቀጥሎ መሬቱን በጫማዋ እየቆፈረች፣ ከዳገቱ በላይ ያለው ለስላሳ ቦታ በየዝናቡ እየሰመጠ አስቸግሯታልና እሱ እንዴት ያደርገው እንደነበር ጠየቀችው። ማንም ሳይጠይቀው አርባ ጊዜ የመከረ ሰው አሁን ሲጠየቅ በሁለት ዓረፍተ ነገር መለሰላት፤ ከታች ሻካራ ድንጋይ አልብሺው፣ ውኃው ደግሞ በግራ በኩል ይውረድ። ሼሊ ከምሳዋ ግማሹን አካፈለችው። ሲለያዩ የተደለደለውን ጎን ይዞ እንዲሄድ ነገረችውና እስኪርቅ ድረስ ማሽኑን ሳታስነሳ ቆየች።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወንዙ ዳር ደረሰ። ጀልባው ሲያሻግረው ማዶ ላይ የቆመውን ሕዝብ አየ። ግማሽ ከተማ ወጥቷል። ከፊት አባባ ኖርማን የእሑድ ኮታቸውን ለብሰው ቆመዋል፤ ከጎናቸው ቤላ አለች፤ ፊቷ ቅንጣት ፈገግታ የለበትም። ሂራም ግን ያን ፊት ሠላሳ ስምንት ዓመት ያውቀዋል፤ ሳቅ አፍና እንደያዘች ከጀልባው ሳይወርድ ገባው።

ብስክሌቱን እየገፋ ወጣና አጠገቧ ቆመ።

«ስንት ኬክ ደረሰሽ?» አላት ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«ሰባት። ዓሣውን አልቆጠርኩትም።»

«ለምን እውነቱን አልነገርሻቸውም?»

«ነገርኳቸው። አላመኑኝም። ምግቡም ጥሩ ነበር።»

ሂራም ጭቃ የደረቀበትን ጫማውን አየ። «በዚያ ዝናብ ብትቆሚ ኖሮ እገባልሽ ነበር፣ ቤላ።»

«ፊትህ ላይ አይቼዋለሁ። ብቆም ትገባ ነበር፤ ከዚያ ክረምቱን ሁሉ መስኮት ሥር ተቀምጠህ ያልሄድኩት ባንቺ ነው እያልክ ትነዘንዘኝ ነበር።» ድምፅዋን ይበልጥ ዝቅ አደረገች። «መታጠፊያውን አልፌ ቆሜ ነበር። ሩብ ሰዓት አለቀስኩ።»

«እውነት?»

«ግማሹ ሳቅ ነው። ያን ጭቃ በእንጨት ስትፍቅ ራስህን ብታየው ኖሮ።»

ሂራም እንደ ቃሉ እጇን ጨበጠ። ሳይለቃት ስቦ አቀፋት፤ ጭቃው ልብሷን ሁሉ አበላሸው። ሕዝቡ አጨበጨበ። አባባ ኖርማን ኮፍያቸውን አውልቀው አመሰገኑ። ከዚያ የቀረውን አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ሂራም በብስክሌቱ፣ ቤላና ከተማው ሁሉ በመኪና ተከትለውት፣ እንደ ሠርግ አጀብ ቀስ እያሉ ገቡ። ማታውን ለዕርቁ ተብሎ በአዳራሹ ግብዣ ተደረገ፤ ሰባቱም ኬኮች እዚያው ተመልሰው ተበሉ። ሁለቱም ዕርቅ አለመሆኑን ለሚሰማቸው ሁሉ ተናገሩ። የሚሰማ ግን አልተገኘም። አባባ ኖርማን እስከ ዕለተ ሞታቸው ካስታረቋቸው ትዳሮች ሁሉ ይህኛውን በደስታ ያወሱት ነበር፤ ባልና ሚስቱም ኋላ ላይ መካዱን ትተው በቋንቋችን ማሲ፣ እናመሰግናለን ማለት ለመዱ።

ሂራም ሁለት ቀን ተኛ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ጉልበቱን አይታ አንድ ወር ብስክሌት እንዳይነካ አዘዘችው፤ እሱም ሦስት ሳምንት ቻለ። ቆዳው ጠቁሮ፣ ቦርጩ ጠፍቶ፣ ሱሪው ወርዶበት ነበር። መንገዱን ሊያይ መውጣት ተወ። ሼሊ አንድ ሁለቴ ቤቱ መጥታ የምትጠይቀውን ጠይቃዋለች፤ እሱ ግን በሬዲዮ ጠርቷት አያውቅም።

ዘንድሮ ስድስተኛ ዓመቱ ነው። በየበጋው ይወጣል፤ በየክረምቱ ብስክሌቱን ወጥ ቤት አስገብቶ ፈታትቶ ያጸዳል። ቤላ የካቴናው ቅባት የጠረጴዛ ልብሴን አበላሸብኝ ብላ ትጮህበታለች፤ እሱ ጋዜጣ አነጥፋለሁ ይላል፣ አያነጥፍም። በዚህ ክረምት ግን ጠረጴዛው ላይ ካርታ ተጨምሯል። ከተራራው ማዶ፣ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሌላ የጠጠር መንገድ አለ፤ ሂራም አንድም ቀን ነድቶበት አያውቅም። ዳገቱ የት እንደሚጀምር፣ ውኃው የት እንደሚገኝ፣ የሰው ቤት ይኑርበት አይኑርበት አያውቅም። ቤላ ሰሞኑን መነጽሯን አድርጋ ካርታው ላይ ጎንበስ አለችና ከዚህ ወዲያ ያለው ባዶ ቦታ ምንድን ነው አለችው። ሂራም በቅባት የተለወሰ ጣቱን ካርታው ላይ አሳርፎ ገና አላውቅም፣ በሰኔ እነግርሻለሁ አላት።